ስለ ፓንክ፣ ስለ ፕሮግሬሲቭ ሮክ እና ስለ «ገና ነህ»

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ እስከ መጨረሻው አንብቦ «ታዲያ ቲቸር የማን ወገን ናቸው?» የሚል እንዳይኖር። እኔ የፓንክ ወገን ነኝ። ሦስት ኮርድ፣ እስኪሻክር የሚጮህ ድምፅ፣ ልምምዱ ሳያልቅ መድረክ ላይ መውጣት። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለውን አልጠላውም። እንዲያውም እኛ ቤት ሰው የሚያማርረው እሱ ነው፤ ባለቤቴ «አንድ ዘፈን ተጀምሮ ወጥ ተሠራ፣ ተበላ፣ ዕቃ ታጠበ፣ አሁንም አላለቀም» ትላለች። ጠቤ ከሙዚቃው ጋር አይደለም። ጠቤ እዚህ እኛ ዘንድ፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም፣ በሙዚቃው ስም ልጆችን ቁጭ ከሚያደርጋቸው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ነገሩን የቆሰቆሱት ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። አንዱ አለምገና ነው የሚኖረው፣ አንዱ ቡራዩ። ሁለቱም የሚኒ ሚዲያ ልጆች ነበሩ፤ በእረፍት ሰዓት ማይክ ሲሻሙ ነው የማውቃቸው። ዛሬም ባገኛቸው ቁጥር ይሻማሉ። የአለምገናው «ሙዚቃ እውቀት ነው ቲቸር፤ ሰባት ስምንተኛ ምት መቁጠር የማይችል፣ ቅንብር ያልተማረ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝብ ነው የሚሳደበው» ይላል። የቡራዩው «አንተ ስትቆጥር እኛ አረጀን» ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱም ፍረዱን አሉኝ። ይኸው ፈረድኩ፤ ግን ምክንያቱን መስማት አለባችሁ።

ለማያውቅ በአጭሩ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትምታቱ።) ፕሮግሬሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር ያደገ ነው። ኪንግ ክሪምሰን የሚባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1969 ነው። የስ የሚባሉት ደግሞ በ1973 ድርብ ሸክላ አወጡ፤ በሁለቱ ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን ስንት ነው? አራት። አንዱ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉውን ይወስዳል። ኪቦርድ ተጫዋቻቸው የነበረው ሪክ ዌክማን በ1975 የንጉሥ አርተርን ታሪክ ለንደን ላይ በበረዶ ላይ ተንሸራታቾች አሳጅቦ አቀረበ። እንግዲህ የሮክ ሙዚቃ በረዶ ላይ ሲንሸራተት አንድ ሰው ተነሥቶ «በቃ» ማለቱ አይቀርም።

በቃ ያሉት ፓንኮቹ ናቸው። ራሞንስ በ1976 ያወጡት አልበም 14 ዘፈን ይዞ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በ1977 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ በርካሽ የተባዛች ትንሽ መጽሔት ሦስት የጊታር ኮርድ ሥላ፣ አንባቢዋን በል አሁን ባንድ አቋቁም አለችው። የሴክስ ፒስትልሱ ጆኒ ሮተን የፒንክ ፍሎይድ ምስል ያለበት ቲሸርት ላይ «እጠላለሁ» ብሎ ጽፎበት ለብሶ ይዞር ነበር።

እኛ ያኔ የት ነበርን? በ1977 የለንደን ልጆች ንግሥቲቱን በዘፈን ሲዘልፉ አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ሰዓት እላፊ ነው። ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል የሆቴል ባንዶች በር ዘግተው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የሚለውን ሸክላ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ የሚያስለቅስበት «ሙዚቃዊ ስልት» እሱ ውስጥ ነው ያለው። ግጥም የለውም። ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ሳንሱር ምን ብሎ ይቆርጠዋል?

ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ጠብ ነው፣ እኛን አያገባንም» ለሚሉኝ፦ ስሙ የፈረንጅ ነው፣ እሺ። ነገሩ ግን እኛ ቤት ከነሱ በፊት ነበረ።

የኛ ፕሮግሬሲቭ ማኅሌት ነው። ልብ በሉ፣ ቀልድ አይደለም። ድጓ ለመማር ዓመታት ይፈጃል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር እየተባለ ተማሪው ከአገር አገር በእግሩ ይሄዳል። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ አለ። አንዱ ዜማ በዝማሜ ተጀምሮ በመረግድ ቀጥሎ በጽፋት ይፈጥናል፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያው ሁሉም ሥርዓት አለው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል። የስ የተባሉት እንግሊዞች አንድ ሌሊት ቆመው ቢሰሙት አፍረው አልበማቸውን ያሳጥሩት ነበር።

የኛ ፓንክ ደግሞ አዝማሪ ነው። ሦስት ኮርድ ትሉኛላችሁ? ማሲንቆ ያላት አንድ የፈረስ ጭራ ነው! በዚያች በአንዷ አዝማሪው ጠጅ ቤት ገብቶ፣ ባለጸጋውን ፊት ለፊት በሰምና ወርቅ ገርፎት፣ ሽልማት ተቀብሎ ይወጣል። ማንም ሰካራም ከመቀመጫው ሆኖ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት ይቀበላል፤ ታዳሚውና ሙዚቀኛው አንድ ይሆናሉ። ፈረንጆቹ ፓንክን ሲያመሰግኑ በመድረኩና በሕዝቡ መካከል ያለውን አጥር አፈረሰ ይላሉ፤ እኛ ጋ አጥሩ መጀመሪያም አልታጠረም። ኃይሉንም ጠላት በደንብ ያውቀው ነበር። ግራዚያኒ በ1937 አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያስለቀመ ያስገደለው ቅንብሩ ስላልጣመው አይደለም።

እና ለዘመናት ማኅሌቱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ማሲንቆው ከጠጅ ቤት፣ ሁለቱም በየቦታቸው ኖሩ። መሪጌታው አዝማሪውን ናቀው እንጂ (ያ ሌላ ነውር ነው፣ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን) «ድጓ ሳትጨርስ ማሲንቆ እንዳትነካ» አላለውም። የኛ ዘመን ሊቃውንት ግን ይሄን ነው የሚሉት። ጊታር ለመያዝ የሚያበቃ ድጓ ፈጥረው «ገና ነህ» ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልሂድ። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ።

ጋሽ ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለዱ። ሽለላን ከአፍ አውጥተው ሳክስፎን ውስጥ ያስገቡ ሰው ናቸው፤ ጎፈር ደፍተው፣ ካባ ደርበው መድረክ ላይ ሲወጡ ሙዚቃ ሊጫወቱ ሳይሆን ዘመቻ ሊሄዱ ይመስሉ ነበር። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርተዋል። በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመላቸው ሸክላ የሳክስፎን ንጉሥ ብሎ ሰየማቸው፤ ኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ 14ኛ አድርጎ እንደገና አወጣው።

ዘ ኤክስ ደግሞ በ1979 የተቋቋመ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ነው። ባዶ ቤት ሰብረው ገብተው ከሚኖሩ ወጣቶች መንደር የወጡ ናቸው። ሲጀምሩ ማን ጊታር፣ ማን ድራም እንደሚይዝ የወሰኑት ዕጣ ተጣጥለው ነው። አዎ፣ ዕጣ! እንደ እቁብ። እነዚህ ሰዎች በ2002 እና በ2004 ኢትዮጵያ መጥተው ከአዲስ አበባም ውጭ እየዞሩ ተጫወቱ።

2004ን ያዙልኝ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ጋሽ ጌታቸው ኢዘር ኦርኬስትራ ከሚባል የቦስተን የጃዝ ባንድ ጋር ተጫውተዋል። አሥር ሰው፣ ሁሉም የተማረ፣ ነፋሱ በሥርዓት የተቀናበረ፣ የኛን ዘፈን በፍቅር ያጠና ባንድ ነው። ቀረጻው ኢትዮፒክስ 20 ሆኖ ወጥቷል፣ ስሙት፣ ግሩም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጠሯቸው። ሰውየው እነዚያን ዕጣ የተጣጣሉ ጊታረኞች ሰሙና ከእናንተ ጋር ነው የምሠራው አሉ። ጥያቄው ከእሳቸው ነው የመጣው፤ ፓንኮቹ አይደሉም የለመኗቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ተጫወቱ። በ2012 ሌላ አልበም ደገሙ። በ2016 እስኪያርፉ ድረስ የእሳቸው ባንድ ሲባል ዘ ኤክስ ነበር።

ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ጃንሆይ ፊት የተጫወተ ትውልድ ሰው፣ የተማረውንም ያልተማረውንም በአንድ ዓመት አይተው ያልተማረውን መረጡ። ለምን?

እንደኔ መልሱ የሙዚቃ መልስ ነው። ሽለላ ምት የለውም። ሸላዩ ትንፋሹ እስከወሰደው ይሄዳል፣ ያቆማል፣ ይቆጣል፣ እንደገና ይነሣል። ከኋላው ያለው ባንድ በየአራት ምቱ ኮርድ የሚቀያይር ከሆነ ትንፋሹን የሚቆርጥለት ኮርዱ ነው፤ «እዚህ ጋ ጨርስ፣ እኛ ልንዞር ነው» ይለዋል። የተቀናበረ ሙዚቃ በባሕርዩ አጥር ነው፤ ውብ አጥር፣ ግን አጥር። የዘ ኤክስ ጊታሮች ግን አንድ ነገር ይዘው ያንኑ ይቀጠቅጡታል። መሬት ይሆኑለታል። በዚያ መሬት ላይ ሸላዩ ወደፈለገው ይፎክራል። ያ ድህነት የሚመስለው ነገር፣ አንድ ኮርድ መደጋገሙ፣ ለሽለላ ከሀብት በላይ ነው። ይሄን ጋሽ ጌታቸው በጆሯቸው አወቁ፤ እኔ ስንት ዓመት ሰምቼ ነው የገባኝ።

የአለምገናው ልጄ አሁን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ጋሽ ጌታቸው እኮ የተማሩ ናቸው!» ልክ ነህ። ማዘጋጃ ቤት ባንድ የገቡት በ1949 ነው፤ አምስተርዳም ሲደርሱ 55 ዓመት ነፍተዋል። ሳክስፎናቸውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። እኔ መቼ እውቀት አያስፈልግም አልኩ? የማነሣው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው። በ1949 ልጅ ነበሩ። ልጁን ባንድ ውስጥ አስገቡት፣ እየነፋ ተማረ። «ተምረህ ስትጨርስ ና» ቢሉት ኖሮ የሚጨርሰው ነገር ስለሌለ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛ። «የድሮ ሙዚቃ የበለጸገው በሥርዓትና በተቋም ነው» የምትሉ አላችሁ። ወርቃማው ዘመን፣ የክብር ዘበኛ፣ የናልባንዲያን ልፋት፣ ምናምን። ክቡር ነው። ግን ያ ወርቃማ ዘመን ሸክላ ላይ የወጣው እንዴት ነው? ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ሕጉን እያወቀ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። አስፈቅዶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ማመልከቻው መዝገብ ቤት ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ስለ ሥርዓት ስታስተምሩን የምትከፍቱልን ሙዚቃ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ለንደኖቹ የራሳቸውን ሸክላ በራሳቸው ማሳተም ሲጀምሩ «አብዮት» ተባለላቸው፤ አምሃ ከእነሱ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሟል።

ድሬዳዋም እንደዚያው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፈረን ቀሎ የሚባሉት ልጆች በአፋን ኦሮሞ መድረክ ላይ መዝፈን በማይታሰብበት ዘመን በየሰርጉ ዘፈኑ፤ ዓሊ ቢራ ከዚያ ነው የወጣው። ዓሊ በኋላ ክብር ዘበኛ ገብቶ አንቱ የተባለ ሙዚቀኛ ሆኗል፤ በኋላ ነው ግን። ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በቡራዩ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ተከትላችሁ አምቦ ብትደርሱ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ የመጀመሪያ አልበሙን ግጥሞች የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት። ስቱዲዮ አልነበረውም፣ አሬንጀር አልነበረውም፣ «ገና ነህ» የሚለው ሰውም ደግነቱ አብሮት አልታሰረም።

እሺ፣ የሌላውን ወገን ትልቁን ማስረጃ እኔው ላቅርብላችሁ፤ ፍትሕ ነው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ። ዌልስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ፣ ከዚያ ኒውዮርክ። የኛን አምስት ድምፅ ቅኝት በአሥራ ሁለቱ የፈረንጅ ድምፅ ላይ ማስቀመጥ ማንም ጊታር ያነሣ የሚሠራው ሥራ አይደለም። አንቺሆዬን ወስዳችሁ ያገኛችሁት ኮርድ ላይ ብታሳርፉት ጠረኑ ወዲያው ይጠፋል፤ ጾም የተገባበት ሽሮ ላይ ቅቤ እንደ መጨመር ነው፣ ይጣፍጣል ግን ጾሙ ፈረሰ። ጋሽ ሙላቱ ጾሙን ሳያፈርሱ አጣፈጡት። ይሄ የጥናት ውጤት ነው፤ በጩኸት አይመጣም። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ላይ ዓለም ሲሰማው ሥራው ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ገና ትኩስ ነበር። ተረታሁ፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ግን የሙላቱን መንገድ ለሱሉልታ ልጅ ብቸኛው መንገድ ብሎ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። የኤቨረስት መውጫ ካርታ ሰጥቶ እንጦጦን እንዳይወጣ መከልከል ነው።

ጃኖ ባንድንም ላንሣ፤ ካላነሣሁ እናንተ ታነሡታላችሁ። በ2012 «ኤርታሌ» ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በአማርኛ፣ በዲስቶርሽን፣ በሙሉ ጉሮሮ! ተማሪዎቼ ፀጉራቸውን ማሳደግ ጀምረው ከዩኒት መሪው ጋር የገጠሙትን ጦርነት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ችግሩ ጃኖ ሳይሆን ከጃኖ የወሰድነው ትምህርት ነው። ልጆቹ ያዩት መብራቱን፣ የድራሙን ትልቅነት፣ የድምፃውያኑን ብዛት፣ ከአሜሪካ የመጣውን ፕሮዲዩሰር ነው። «ሮክ ማለት ይሄ ነው፣ ይሄ ከሌለን ሮክ የለንም» አሉ። ቢል ላስዌል ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። ልንገራችሁ፦ ጂጂን በ2001 ለዓለም ያስተዋወቀው አልበም ፕሮዲዩሰር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1986 የጆኒ ሮተንን አልበም የሠራ ሰው ነው። አዎ፣ ያው ቲሸርት ለባሹ ጆኒ ሮተን፣ ፐብሊክ ኢሜጅ በሚባለው ባንዱ። ላስዌል ለዚያ አልበም ስቲቭ ቫይን ጊታር፣ ጂንጀር ቤከርን ድራም አስያዘለት፤ ሁለቱም የለየላቸው ባለ ሙያ፣ ፓንኮች ሲሰድቧቸው የኖሩ ዓይነት ሰዎች። ማለትም የፈረንጆቹ ጠብ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ታርቆ ካለቀ 40 ዓመት ሊሆነው ነው፣ እርቁን የሸመገለው ሰው ደግሞ እኛ ጋ መጥቶ ሠርቷል። እኛ ግን የሙታኑን ጠብ ወርሰን እንፋጃለን።

በነገራችን ላይ «ሙዚቃችንን የገደለው ኪቦርድ ነው» የሚለውን የሽማግሌዎች ለቅሶም ሰልችቶኛል። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሙሉ ሰርግ ይሸኛል፤ ነፋሱም ድራሙም ቤዙም እሱ ነው። ትልልቆቹን ባንዶች የበተናቸው ሰዓት እላፊውና ስደቱ ነው፤ ኪቦርዱ የመጣው ለቀብር ነው። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ በየሰርጉ የሚዞረውን ባለ ኪቦርድ ከምትሰድቡት ምን ያህል ዘፈን በቃሉ እንደሚያውቅ ጠይቁት። ብቻ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ክርክሩን የሚወስነው እንደኔ ቅኝትም ኮርድም አይደለም። ታክሲ ነው።

አትሳቁ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ከ2022 ጀምሮ ሸገር በሚባል በአንድ ከተማ ሥር ናቸው፤ ካርታ ላይ ጎረቤት ነን። የሰበታ ልጅ ወደ ቡራዩ ለመሄድ ግን መጀመሪያ አየር ጤና ይወርዳል፣ ከተማውን አቋርጦ አስኮ ይደርሳል፣ ከዚያ ነው ቡራዩ የሚገባው። የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ በኩል ዞሮ ይመጣል። ቀለበት ነን ይባላል እንጂ ቀለበቱ በመሐሉ ነው የሚዞረው። ፕሮግሬሲቭ ባንድ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰው ይፈልጋል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ፣ ድራም የሚቀመጥበት ክፍል፣ የማይጠፋ መብራት። ይሄ ሁሉ ያለው አዲስ አበባ መሐል ነው፣ በሰዓት ተከራይቶ። ኮንሰርቱም እዚያው ነው፤ የሚጀምረው ደግሞ የኛ የመጨረሻ ታክሲ ሲሄድ ነው። እስካሁን ያየኋቸው የአካባቢያችን ባንዶች በሙዚቃ ልዩነት ሲፈርሱ አላየሁም። በታክሲ ነው የሚፈርሱት። ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለት ቀን ይቀራል፣ ከዚያ ሥራ ያገኛል፣ አለቀ።

ፓንክ ሁለት ሰው ይበቃዋል። አንድ ጊታር ወይም ፒክአፕ የተገጠመላት ክራር፣ አንድ አሮጌ አምፕ፣ አንድ ከበሮ። በእግር የሚደረስ ጎረቤት ጋ። እኔ ፓንክን የመረጥኩት ድህነትን ስለማደንቅ አይደለም፣ የሂሳብ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። ደምሬ ቀንሼ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው።

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡትን አይታችኋል። የዓለም ሻምፒዮን ከፊት ይሄዳል፣ ከኋላው በተቀደደ ጫማ የሰፈር ልጅ ይከተላል። «ገና ነህ፣ ከሜዳው ውጣ» የሚለው የለም። እስከቻለ ይከተላል፣ ሲያቅተው ወደኋላ ይቀራል፣ ነገ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀራል። የእኛ ሙዚቃ ሜዳው ላይ ዘበኛ ያቆመው ለምንድን ነው?

የአለምገናው ልጄ፣ ስምህን አልጠራም፣ እወድሃለሁ። አልበምህን ከጀመርክ ስድስት ዓመት ሆነህ። ኮምፒውተርህ ላይ አሰምተኸኛል። ሁለተኛው ዘፈን መካከል ላይ ባቲው ወደ አምባሰል ሲዞር ፀጉሬ ቆሟል፣ እንደዚያ ያለ ነገር ከሰማሁ ዘመን የለኝም። ስንት ሰው ሰምቶታል? እኔ፣ ታናሽ ወንድምህና የቡራዩው ባላንጣህ። «ሚክሱ ገና ነው» ትለኛለህ። ልጄ፣ ሰው «ገና ነህ» የሚለው ሲያጣ ራሱን «ገና ነህ» ማለት ይጀምራል።

እውነት ለመናገር ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ የእናንተ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ አለች፣ ሱሉልታ። ክራር ላይ ነው የምትጫወተው፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ትዘፍናለች፣ ራሷ የሠራቻቸው ሦስት ዘፈኖች ነበሯት። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንድ የክራር ምት፣ ከላዩ ላይ እንደ ገረርሳ ያለ ጩኸት። አንዱ ስለ እናቷ የሥራ ቦታ ነው፣ አበባ እርሻ። ስትዘፍነው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው መሬት መሬት ነበር የሚያየው። አንድ ዝግጅት ላይ ልትቀርብ ሄደች፤ አስተባባሪው ሰምቷት «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነሽ፣ መጀመሪያ ኮርስ ውሰጂ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፣ መልካም የመከራት መስሎት ነው። ኮርሱ አዲስ አበባ ነው፣ ክፍያ አለው፣ ማታ ነው። ዓመት አልፎታል። ክራሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ውሃ የሚያሽግ ድርጅት ተቀጥራለች፣ በፈረቃ። ባለፈው አግኝቻት «ዘፈኑስ?» ስላት «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም እኮ» አለችኝ።

ከዓመት በፊት ነበረች። ሦስት ዘፈን ያለው ሰው ሙዚቀኛ ነው። ራሞንስ በ14 ነው የጀመሩት፣ እሷ በ3።

እንዳትሳሳቱ፣ ሦስቱ ዘፈን ምርጥ ናቸው አላልኩም። አንዱ በጣም ይረዝማል፣ ሁለተኛው ላይ ክራሯ ቅኝቱ ይወርድባታል። ግርማ በየነ ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ጋር በ2017 ያወጡትን አልበም ስም ታውቁታላችሁ? ሆን ተብለው የተሠሩ ስህተቶች ማለት ነው። የዘመኑ ታላቅ አቀናባሪ ስህተትን የአልበም ስም ካደረገው፣ የሱሉልታዋ ልጅ ሳታስበው የሠራችውን ይቅር ማለት ምን ያቅታል?

ከዚህ በኋላ ክርክሩን በቃል አልቀጥልም። የሚመጣው ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ የእድሩን ድንኳን እንተክላለን፤ ሊቀመንበሩን አስፈቅጃለሁ፣ አግዳሚውንም ሰጥተውናል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። በኋላ ታክሲ ስለማይገኝ ሰዓት ይከበር። ማንም ሰው ሦስት ዘፈን ይዞ ይመጣል፤ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። የአለምገናው፣ አምፑ ያንተ ነውና ይዘህ ና፣ ከአልበምህም አንዱን፣ ሚክስ ያልሆነውን። ፕሮግሬሲቭ ከሆነም ግዴለም፣ ግን ከአሥር ደቂቃ ካለፈ ሶኬቱን የሚነቅለው የቡራዩው ነው፣ ተስማምተናል። ለሱሉልታዋ ልጅ የፈረቃ ቅያሪ የሚይዝላት ሰው እየፈለግን ነው፤ እዚያ የምትሠሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጀበናው ከእኛ ነው፣ ጄኔሬተር ያለው ግን ይናገር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መብራት ይጠፋል። ከ11 ሰዓት በኋላ ምንም ድምፅ አይኖርም፣ ጎረቤት እመጫት አለች።